የሁለተኛው ቅጽ የመጨረሻ አራት ገጾች

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ጂን፣ ዛር፣ የሙት ጥላ የሚባለውን ወሬ አምኜ አላውቅም፣ አለማመኔም ከትምህርት ብዛት የመጣ እንዳይመስላችሁ፣ ከጠባይ ነው፤ ሰው ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ የሚቀበለው ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ያስጠላኛል። ሐረር ላይ ደግሞ የማያምን የለም፤ ክርስቲያኑ በየገደሉ ሰይጣን አለ ይላል፣ እስላሙ በየፈረሰው ቤት ጂን አለ ይላል፣ በሌላው ነገር ሁሉ የማይስማሙት ሁለቱ በዚህ ብቻ ይስማማሉ፣ እኔም በዚሁ ምክንያት ከሁለቱም ተለይቼ ኖሬአለሁ። ስለዚህ የሚቀጥለውን ስታነቡ "ይሄ ሰውዬ ድሮም እንዲህ ያለ ነገር ይወዳል" እንዳትሉኝ፤ አልወድም፣ እመኑኝ፣ የደረሰብኝም ነገር ካስፈራኝ ይልቅ ያናደደኝ ይበልጣል።

እኔ በልጅነቴ አንድ ፈረንሳዊ ቄስ ባስተማሩኝ ፈረንሳይኛ እንጀራ የምበላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። አባቴ ከተማዋን ከያዘው የሸዋ ጦር ጋር መጥቶ እዚሁ የቀረ ወታደር ነበር፣ ርስት አላወረሰኝም፣ ሱስ ግን የራሴን አበጀሁ፣ እሱም ስለ ቤት አሠራር የተጻፉ መጻሕፍት መሰብሰብ ነው። መጻሕፍቱ ከማርሴይ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያ በበቅሎ ዳገቱን ወጥተው ይደርሱኛል፣ ግማሾቹ ዝናብ ጠጥተው፣ ግማሾቹ በአይጥ ተቀምሰው። ከጀጎል ግንብ ውጪ ባለው አዲሱ ከተማ ሰው ሁሉ የቆርቆሮ ጣሪያ አይቶ አፉን በሚከፍትበት ዘመን እኔ ስለ ድንጋይ ቅስት፣ ስለ ግድግዳ ውፍረት፣ ስለ መስኮት አቅጣጫ አነባለሁ። ባለቤቴ አስካለ አንድ ክረምት ከራሳችን ቆርቆሮ የሚንጠባጠበውን ውሃ በድስት እየተቀበለች፣ "ከነዚህ ሁሉ መካከል ቀዳዳ ስለ መድፈን የሚናገር የለም?" አለችኝ፤ አለ፣ እንዲያውም ሁለት አለ፣ ግን ስለ ሸክላ ጣሪያ ነው፣ አልኳት፤ ከዚያ ወዲያ ስለ መጻሕፍቱ ጠይቃኝ አታውቅም።

ከነዚህ ሁሉ አንዱ ዕድሜዬን በላው። ስለ ምሥራቅ አገር ቤቶች የተጻፈ ባለ ሁለት ቅጽ ሥራ ነው፣ አንደኛው ቅጽ እጄ ላይ አለ፣ መጨረሻው ላይ የሁለተኛው ቅጽ ማውጫ ታትሟል፣ በማውጫው ውስጥ ደግሞ ስለ ሐረር ቤት የሚናገር፣ ሙሉ ፕላን ያለው ምዕራፍ ተጠቅሷል። እኔ ራሴ ስለ ጀጎል ቤት በአማርኛ መጽሐፍ መጻፍ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ የጎደለኝ ይኸው ፕላን ብቻ ነበር። ሄዶ መለካት ነው እንጂ ምን ያስለምንሃል ትሉኝ ይሆናል፤ ሞክሬአለሁ፤ የጀጎል ሰው ያስገባችኋል፣ ያስቀምጣችኋል፣ ያበላችኋል፣ ሜትራችሁን ከኪሳችሁ ስታወጡ ግን ጨዋታው ያልቃል፣ የቤቱ ጓዳ የቤቱ ሴቶች ነውና እውነት አላቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማርሴይ ላለ መጽሐፍ ሻጭ ጻፍኩ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጥሩ ወረቀት ላይ በጥሩ እጅ ጽሑፍ "አልተገኘም" ተባልኩ።

ፈላና በር አጠገብ ጨርቅ የሚሸጥ ኡመር የሚባል ወዳጅ አለኝ፣ የጀጎል ተወላጅ ነው፣ ፎቅ ቤት ስለሌለኝ "ባለ ፎቁ" እያለ ይጠራኛል። አንድ ቀን ሱቁ ተቀምጬ የማርሴዩን ሰው ስረግም ሲሰማ ቆይቶ፣ ጨርቁን እያጠፈ፣

"አንተ ባለ ፎቁ፣ ያ መጽሐፍህ ጀርባው ቀይ ነው?" አለኝ።

"ቀይ ነው።"

"የቤት ሥዕል አለበት?"

"ስለ ቤት የተጻፈ መጽሐፍ የበግ ሥዕል ይኖረዋል?"

"እንግዲያው አክስቴ ቤት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያው ግድግዳ ላይ ነው።"

"አሥራ አንድ ዓመት ስጮህ የት ነበርክ?"

"አንተ የምትጮኸው ማርሴይ። እኔ ጋ መቼ ጮህክ?"

ነገሩ እንዲህ ነበር። የአክስቱ ባል፣ ሐጂ የሚሏቸው፣ ከተማዋ ከአሚሮቹ እጅ ከወጣች ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ፈረንጅ ቤታቸው አሳድረው ነበር፣ እንግዳ ነውና ቤታቸውን ሲለካ ዝም አሉት፣ ፈረንጁ አገሩ ገብቶ መጽሐፉን ሲያሳትም ሁለተኛውን ቅጽ በምስጋና ላከላቸው። ሐጂ አንድ ፊደል የማያነቡትን መጽሐፍ ግድግዳው ውስጥ ከተቦረቦሩት መደርደሪያዎች በአንዱ አኖሩት። እሳቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ባለቤታቸው እማማ ዘይነባ ግን ሐጂ ያኖሩት ዕቃ ከዚያ ቤት አይወጣም ብለዋል፣ የፈለገ መጥቶ ያንብብ።

መጀመሪያ ከኡመር ጋር ስሄድ አንድ ነገር አየሁ፣ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም፣ እናንተ ግን ልብ በሉልኝ። ግቢውን አልፈን በሩ ላይ ስንደርስ ኡመር ጫማውን አወለቀ፣ ሰላምታውን አሰማና ቆመ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሴትዮዋም ውስጥ ሆነው እየታዩን አልገባም። እሳቸው ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ጉልበታቸውን ይዘው በሩ ድረስ መጥተው፣ ከዚያ ነው "ግቡ" ያሉን። ለምን እዚያው ሆነው አይጠሩንም ብዬ ብጠይቀው፣ ኡመር በአገጩ አንድ መደብ አሳየኝ። እነዚያ ቤቶች ወንበር የላቸውም፣ በቀይ አፈር የተለሰነው ወለል ራሱ ከፍ ዝቅ እያለ መደብ ይሆናል፣ እያንዳንዱ መደብ የሚቀመጥበት ሰው አለው፤ ያ ኡመር ያሳየኝ አሚር ነደባ ይሉታል፣ የቤቱ አባወራ ቦታ ነው፣ ከዚያ ሲቀመጡ በሩ ፊት ለፊት ይታያል፣ ወደዚያ ቤት የሚመጣን ሰው ግባ የሚለውም ሂድ የሚለውም እዚያ የተቀመጠው ነው።

"ሐጂ ከሞቱ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም፣ አክስቴም ከሌላ ቦታ ሆና ግቡ አትልም፣ ለዚህ ነው ተነሥታ የምትመጣው" አለኝ ኡመር።

እኔ በልቤ፣ እንዴት ያለ የቦታ ብክነት ነው፣ አልኩ፤ ቤቱ መስኮት የለውም፣ ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው፣ ያም ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚያርፈው ማንም በማይቀመጥበት መደብ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ እሮብ እሮብ ከቀትር በኋላ እየሄድኩ፣ ለእንግዳ በሚሰጠው ታናሽ መደብ ላይ፣ ከጥላው ውስጥ፣ ዓይኔን እያጨናበስኩ ምዕራፉን በእጄ ገለበጥኩ። አንድ ቀን ለመንኳቸው።

"እማማ፣ እዚያ ብርሃኑ ጋ ብቀመጥ ምን ይላሉ?"

"ያ የሐጂ ነው።"

"ሐጂ ሞተዋል እኮ፣ ስድስት ዓመታቸው።"

"አውቃለሁ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ደፉ ላይ ልቀመጥ።"

"ደፍ ላይ ሰው ይቀመጣል? አንተ ይህን ሁሉ የቤት መጽሐፍ አንብበህ ይህን አልነገሩህም?" አሉና ስፌታቸውን ቀጠሉ።

በሰባተኛው እሮብ የቀሩኝ አራት ገጾች ነበሩ፣ እነዚያ አራቱ ግን ሌላውን ሁሉ የሚያህሉ ናቸው፤ ፕላኑና ልኩ ያለው እዚያ ነው፣ የሚያጥፉት የሚዘረጉት ሰፊ ወረቀት፣ መስመሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ቁጥሩ ከሰሊጥ ያነሰ፣ በዚያ ጥላ ውስጥ በፍጹም አይታይም። ወረቀቱን እያዘነበልኩ ስታገል ከጎረቤት ሴቶች መጡ፣ ሰው ሞቷል፣ የአፎቻ ማኅበራቸው ለለቅሶ ተሰብስቧል፣ እማማ ዘይነባ ነጠላቸውን ደረቡ።

"እስክመለስ አንብብ፣ ልጄ። እዚያው ሁን" አሉኝ፣ እዚያው ያሉት የት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ግራ የገባው ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ አልልም፣ ግራ አልገባኝም፤ ተነሣሁ፣ መጽሐፉን ይዤ ሄድኩ፣ አሚር ነደባው ላይ ቁጭ አልኩ። ምን ያህል እንደተመቸኝ አልደብቃችሁም፣ ብርሃኑ ወረቀቱ ላይ ፈሰሰ፣ መስመሮቹ አንድ በአንድ ተገለጡልኝ፣ የተቀመጥኩበት ቤት ራሱ ነበር፣ መደቡ፣ ደረጃው፣ የግድግዳው መደርደሪያ ሁሉ። እርሳሴን ስዬ መገልበጥ ጀመርኩ።

ግቢው ውስጥ ሰው አሳለ፣ ነጠላ ጫማም ድንጋይ ላይ ተጎተተ፣ ከዚያ በሩ አጠገብ የሽማግሌ ድምፅ፣ "አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሐጂ" አለ። ጎረቤት ነው፣ ልማድ ሆኖበት ነው ሐጂ ያለው፣ ብዬ አሰብኩ፣ እውነቱን ልንገራችሁ ከሁሉ በላይ ያሰብኩት መስመሬ እንዳይወላገድ ነው፣ ቀና ሳልል ሰላምታውን መለስኩና በከተማው ቋንቋ "ግቡ" አልኩ። ወረቀቴ አንድ አፍታ ጠቆረ፣ ሰው በበሩ ሲያልፍ እንደሚሆነው፣ ከዚያ እንደገና በራ። ከጎኔ ሰሌኑ ኮሸሽ አለ። ጨዋ ሰው ነው፣ ሲያነቡ አያውክም፣ አልኩ።

ጥቂት ቆይቶ ሌላ ድምፅ፣ ያው ሰላምታ፣ ያው "ሐጂ"፣ እኔም ያው "ግቡ"። ወረቀቱ ጠቆረ፣ በራ። ሦስተኛ መጣ። አራተኛ። አምስተኛውንም ግቡ ስል በጣም ተናድጄ ነበር፣ አንድ ፕላን ለመገልበጥ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው የሰፈር ሽማግሌ ማስገቢያ ሆኖ ሲቀር ምን ይሰማው ይመስላችኋል፣ እና ቢያንስ ለምን እንደመጡ ልጠይቃቸው ብዬ ቀና አልኩ።

ቤቱ ውስጥ ማንም የለም።

በሩ ላይ ግን ጫማዎች ተደርድረዋል። አምስት ጥንድ፤ የእንጨት ነጠላ ጫማ አለ፣ ተረከዙ የተረገጠ ቀይ የቆዳ ጫማ አለ፣ የቀሩት ያረጁ ናቸው፤ የኔ ጫማ ስድስተኛው ነው፣ እኔ ስገባ እንደ ማንም እንግዳ ከደፉ ዝቅ ብዬ ያወለቅኩት፣ አሁን ለብቻው ከፍ ብሎ፣ አፍንጫውን ወደ ውስጥ አዙሮ ተቀምጧል። እንግዳ ሲወጣ እንዲመቸው የጫማው አፍንጫ ወደ ውጪ ይዞራል፤ ወደ ውስጥ የዞረ ጫማ የማይወጣ ሰው ጫማ ነው።

አሁን ምክንያት እንድሰጣችሁ ትጠብቁ ይሆናል፣ እኔም እዚያው ሆኜ ስደረድር ነበር፤ ለለቅሶ የመጡ ሰዎች እዚህ አውልቀው ጎረቤት ሄደው ይሆናል፣ ብርሃኑ የጠቆረው ደመና አልፎ ይሆናል፣ ሰሌን ደግሞ ሲደርቅ ይኮሸኮሻል። እያንዳንዱ ለብቻው ጥሩ ምክንያት ነው። አምስቱንም አንድ ላይ የሚሸከም ግን አላገኘሁም፣ እናም ሰው ጥርሱን ነክሶ እንደሚያደርገው ወደ ፕላኔ አጎነበስኩ፣ እመኑኝ፣ አንድ ሙሉ ግድግዳ ገለበጥኩ።

ስድስተኛው ያኔ መጣ። አላሳለም፣ ሰላምታም አላሰማም፣ ሐጂም አላለም። ጥርት ባለ አማርኛ፣ በሸዋ አማርኛ፣ የክርስትና ስሜን ጠራና "ልግባ?" አለ።

የክርስትና ስሜን ጀጎል ውስጥ የሚያውቅ የለም። ከጀጎል ውጪም አስካለ አታውቀውም፣ ያጠመቁኝ ቄስ፣ እናቴና አባቴ ያውቁት ነበር፣ ሦስቱም ከሞቱ ቆይተዋል። ወረቀቱ ጠቆረ። ይበራል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልበራም፤ የቆመው አልገባም፣ አልሄደም፣ ፈቃድ እየጠበቀ ብርሃኔን ጋርዶ ቆሟል። እንደገና ቀና ማለት አቃተኝ። ዓይኔን ያነሣሁት እስከ ደፉ ብቻ ነው፣ እዚያ ከሌሎቹ ጫማዎች ዝቅ ብሎ የበሬ ቆዳ ሰንደል ተቀምጧል፣ በሰፊው የተጠገነ፣ ከጦሩ ጋር የመጡት ወታደሮች ያደርጉት የነበረ ዓይነት። የማን ነው እንዳትሉኝ። እንደዚያ ያለ ሰንደል ድሮ እዚህ አገር ሺህ ነበር።

በዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ መስመር ሳይነበብልኝ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም፣ ለተሲያቱ ሶላት የአሱር አዛን ሲሰማ ብርሃኑ ተመለሰ። ወዲያው እማማ ዘይነባ ከለቅሶው ደረሱ። ጫማዎቹን አዩ፣ የራሳቸውንም አወለቁ፣ ግን አልገቡም፤ በገዛ ቤታቸው ደጅ ላይ ቆመው አዩኝ።

"ግቡ ያለው ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ እማማ።"

"እዚያ ተቀምጠህ?"

"ብርሃን ፈልጌ ነው።"

"ስንት አስገባህ?"

"ማንንም አላየሁም።"

"ያየኸውን አልጠየቅኩህም። ያስገባኸውን ነው።"

"አምስት" አልኩ፣ "አንዱ ግን ሲጠይቀኝ አልመለስኩለትም።"

ፊታቸው የተለወጠው ያን ጊዜ ነው፣ በአምስቱ አልተለወጠም። "እንግዳ ደጅ ላይ አቆምክ?" አሉኝ፣ ልክ ቤታቸውን አቃጥያለሁ ያልኳቸው ያህል። "ግባም ሳትል፣ ሂድም ሳትል?"

ከመደቡ ወርጄ እዚያው ቆምኩ፣ መጽሐፉን እንደያዝኩ። እዚህ ላይ የምናገረው የሚያሳፍረኝ ነው፣ ግን ተናግሬዋለሁና ልጻፈው። "እማማ፣ ሦስት ገጽ ተኩል ብቻ ነው የቀረኝ፣ ልጨርስና እሄዳለሁ" አልኳቸው።

"ባለቤት እንግዳ አስቀምጦ ያነባል?" አሉኝ። "መጀመሪያ ሸኛቸው። አንተ ያስገባኸውን እኔ ማስወጣት አልችልም፣ ሐጂም ቢነሡ አይችሉም።"

"በሰላም ሂዱ" አልኩ ወደ ባዶው ቤት፣ ይህን ስል የኔን የማላምነውን ሰው ድምፅ ብትሰሙ ትስቁ ነበር።

"ቆመህ ነው የምትሸኘው? ተመለስና ቁጭ በል። ያን ደጅ ያለውንም አንዱን በለው።"

አልተመለስኩም። መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ አኖርኩ፣ ጫማዬን ከነዞረበት አነሣሁ፣ ሰንደሉን ላለመርገጥ ግድግዳ ለግድግዳ ታክኬ ወጣሁ። እማማ ዘይነባን ስወጣም እዚያው ደፉ ላይ ትቻቸው ሄድኩ፣ ግቡ የሚላቸው ሰው እየጠበቁ።

በሳምንቱ ኡመር መሥሪያ ቤቴ መጣ፣ ባለ ፎቁ አላለኝም። አክስቱ ጓዳ ለጓዳ በጎረቤት በኩል እየተሹለከለኩ እንደሚኖሩ ነገረኝ፣ በዋናው በር አይገቡም፣ ጫማዎቹም እዚያው እንዳሉ፣ አቧራቸውን እንደሚያራግፉላቸው።

"መልእክት ልካልሃለች" አለኝ። "እነዚያን አራት ገጾች በመቀስ ቆርጣ ትሰጥሃለች፣ ሐጂ ካኖሩት ዕቃ ቆርጣ፣ ይግባህ። መምጣት ከፈራህም ግድ የለም ትላለች፣ አንተ በእጅህ ሁለት ቃል ጻፍ፣ መደቡ ላይ እናነበዋለን። ለአምስቱ፣ ሂዱ። ለስድስተኛው፣ ወይ ግባ፣ ወይ ሂድ።"

"ታምናለህ እንዴ አንተ ይህን?"

"እኔን ተወኝ። የምትጽፈው ሁለት ቃል ነው፣ የምታገኘው አራት ገጽ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጮኸህ የለም?"

ቀላል ነገር ነው፣ በሦስት ቋንቋ ጽፌ አድራለሁ። ግን ለአምስቱ ሂዱ ብዬ መጻፍ ያስገባኋቸው እኔ መሆኔን በፊርማ ማመን ነው፣ ይህን እንኳ ተናንቄ እጽፈው ነበር። ስድስተኛው ነው የያዘኝ። ግባ ብዬ ብጽፍ የት ነው የሚገባው፣ ወደ ሐጂ ቤት ነው ወይስ ስሜን ይዞ ወደ እኔው? ሂድ እንዳልል ደግሞ፣ ያ ባለ ሰንደል የማስበው ሰው ቢሆንስ፣ በሕይወቱ ሳለ ያላልኩትን ሂድ ሞቶ እንዴት እለዋለሁ? ካልሆነስ፣ ማን ሆኖ ነው ስሜን የሚያውቀው? ወረቀቱን ስንት ጊዜ አውጥቼ ስንት ጊዜ እንደመለስኩት አስካለ ታውቃለች። መጽሐፌም እዚያው የቆመበት ቆሟል፣ አንድ ግድግዳ የተነደፈለት፣ ሦስቱ ነጭ የሆኑ ቤት ይዞ።

ኡመር በየሳምንቱ በአንድ ቀን ይመጣል፣ "አልጻፍከውም?" ይለኛል፣ "አልጻፍኩትም" እለዋለሁ፣ ሁለታችንም ሌላ ነገር እናወራለን።

ትናንት ከምሳ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ አጎንብሼ ደብዳቤ እተረጉም ነበር፣ ወረቀቴ ላይ ጥላ ወደቀ፣ የኡመር ቀን ስለነበረ ቀና ሳልል "አልጻፍኩትም" አልኩ። ከዚያ ጫማ ሲወልቅ ሰማሁ። የመሥሪያ ቤታችን ወለል ሲሚንቶ ነው፣ ባለጉዳዩም አለቃውም ከነጭቃቸው ይገባሉ፣ እዚህ ማንም ጫማውን አውልቆ አያውቅም። ግራው ወለሉ ላይ በቀስታ ተቀመጠ፣ ቀኙ ቀጠለ፣ የቆመው ሰው ግን አልሄደም፣ ጥላው ከወረቀቴ አልተነሣም። ቀና አላልኩም፣ ግባም ሂድም አላልኩም። የደብዳቤውን የቀሩ መስመሮች በዚያው ጥላ ውስጥ ተረጎምኳቸው።